መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚረሳ ማሽን፦ የፓራሜተር ማስቀመጫ ኮድ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ መብራት ሲሄድ አንዴ ሄዶ አይቀርም። ብልጭ ይላል፣ ይመለሳል፣ ድርግም ይላል፣ እንደገና ይመጣል፣ ሰው «ተመስገን» ብሎ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሲሰካ ያኔ ጭራሽ ይጠፋል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 1 እዚሁ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ እያለ ለምን እንዲህ እንደሚሆን እኔን አትጠይቁኝ። የኔ ጣጣ የሚጀምረው መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለችኝ። ቴሌቪዥንም ስታብላይዘርም እሠራለሁ፣ ዋናው እንጀራዬ ግን የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ሆኗል። ኮዱን መጀመሪያ የጻፈው ሌላ ልጅ ነው። እሱ ሥራ አግኝቶ ከከተማ ወጣ፣ ኮዱም ስድቡም ለኔ ቀረ። አንድ ጠዋት አንድ ሀጂ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሳጥንህ ዛሬም ቀኑን ረሳው። ዘጠነኛ ቀን ላይ ነበርን፣ አሁን አንደኛ ቀን ይላል። እንቁላሎቹ ግን አልረሱም» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው የሚፈጀው። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ መቆም አለበት። ማሽኑ ቀኑን ከረሳ ጫጩቱ ሊወጣ ሲል እያገላበጠ ያስጨንቀዋል።

ፓራሜተር የምለው እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ነው፦ የሚፈለገው ሙቀት 37.5፣ የሴንሰሩ ማስተካከያ፣ በስንት ሰዓት ይገላበጥ፣ ስንተኛ ቀን ላይ ነን። ኮዱ ራሱ መብራት ቢሄድም አይጠፋም። እነዚህ ቁጥሮች ግን ኢኢፕሮም ወይም ፍላሽ በሚባል፣ መብራት ሲሄድ በማይረሳ ማስቀመጫ ላይ በየጊዜው ይጻፋሉ፣ ጉዱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው እኔ ጋ የመጡት ብልሽቶች ናቸው፣ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው። የናንተ ማሽን የቡና ማድረቂያም ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ ነገሩ ያው ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ኮዱን አትንኩ

ደንበኛው ተበላሽቷል ብሎ ሲያመጣው እጃችሁ ወዲያው ወደ አፕሎድ ይሄዳል። ቆይ። መጀመሪያ ኢኢፕሮሙ ላይ ያለውን ሁሉ አንብባችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡ። ኤቲሜጋ328ፒ (ቦርዱን የሚያስኬደው ቺፕ) ውስጥ ያለው ኢኢፕሮም 1024 ባይት ብቻ ነው፣ አንብቦ ሴሪያል ሞኒተር ላይ የሚያወጣ አሥር መስመር ኮድ ይበቃል። ያንን በዩኤስቢ፣ በቡትሎደሩ (ቺፑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ኮድ በሚቀበለው ትንሽ ኮድ) በኩል ጫኑት። በዚያ መንገድ ኢኢፕሮሙ አይነካም። በፕሮግራመር (ኮድ በቀጥታ ቺፑ ላይ በሚጭን መሣሪያ) ከጫናችሁ ግን ቺፑ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ኢኢፕሮሙም አብሮ ይጠረጋል፣ ኢኢፕሮሙን ጠብቅ የሚለው ፊውዝ ቀድሞ ካልበራ በቀር። (ፊውዝ ስል የሚቃጠለውን አይደለም፣ ቺፑ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ቢት ነው።) እኔ ይሄን የተማርኩት የአንድ ደንበኛ ማስረጃ በገዛ እጄ ከጠረግሁ በኋላ ነው።

ያነበባችሁት ራሱ ብዙ ይናገራል። ሁሉም 255 ከሆነ ወይ ማንም ጽፎበት አያውቅም ወይ ተጠርጓል። ግማሹ የዛሬ ግማሹ የትናንት ከሆነ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሄዷል። ደህና ከሆኑ ባይቶች መሃል አንዱ ብቻ ወፈፍ ካደረገው ወይ ሴሉ አርጅቷል ወይ ቺፑ ቮልቴጅ ሲያንሰው ያልታዘዘውን ጽፏል። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ቦታቸው ከተንሸራተተ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ስትራክቱን (ቁጥሮቹ ኮዱ ውስጥ የሚደረደሩበትን ቅደም ተከተል) ቀይረነዋል።

«ናን ይላል፣ እንቁላሉም ተቀቀለ»

ምልክቱ፦ ስክሪኑ ላይ 37.5 የነበረበት ቦታ «ናን» የሚል ነገር ይወጣል። አንዱ ማሽን በረዶ ሆኖ ይገኛል፣ ሌላው 45 ዲግሪ አልፎ ይገኛል። ቦርዱ አንድ፣ ችግሩ አንድ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። መጀመሪያ ሳየው ሴንሰሩን ጠርጥሬ ሁለት ሴንሰር በከንቱ ቀየርኩ።

ምክንያቱ፦ ያልተጻፈበት የኢኢፕሮም ባይት 255 ነው። አራት 255 ጎን ለጎን እንደ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲነበቡ ቁጥር ያልሆነ ነገር ይሆናሉ፣ ናን የሚባለው እሱ ነው። ናን ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ከማንም ጋር ስታወዳድሩት መልሱ «ሐሰት» ነው። ይበልጣል? ሐሰት። ያንሳል? ሐሰት። ከራሱ ጋር እኩል ነው? እሱም ሐሰት።

አሁን ኮዳችሁን ክፈቱና ሄተሩን የሚያበራውን መስመር እዩት። «ሙቀቱ ከተፈለገው ካነሰ አብራ፣ ካልሆነ አጥፋ» ካለ፣ በናን ጊዜ ሁልጊዜ ያጠፋል። እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። «ሙቀቱ ከተፈለገው ከበለጠ አጥፋ፣ ካልሆነ አብራ» ካለ ደግሞ መቼም አያጠፋም። ቁርስ ደረሰ ማለት ነው። በደህናው ቀን ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ዓይነት ይሠራሉ፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት ልዩነታቸው በፍጹም አይታይም። እኔ የወረስኩት ኮድ ለሁለት የማሽን ሞዴል ሁለቱንም ይጠቀም ነበር።

መፍትሄው፦ ያነበባችሁትን ቁጥር ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትሹት። ግን አፈታተሹም ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው «ከ35 ካነሰ ወይም ከ39 ከበለጠ ዲፎልቱን ውሰድ» ብሎ ይጽፋል። ናን በዚህ በር ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ምክንያቱም አያንስም አይበልጥምም። ገልብጣችሁ ጻፉት፦ «ከ35 ከበለጠ እና ከ39 ካነሰ ተቀበል፣ አለበለዚያ 37.5»። አሁን ናን መግቢያ የለውም።

እኔ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሬ ነጥብ ያለውን ቁጥር ከማስቀመጫው ጭራሽ አውጥቼዋለሁ። ሙቀቱን በአሥር አባዝቼ 375 ብዬ በሙሉ ቁጥር አስቀምጣለሁ። የተጠረገ ኢኢፕሮም ያኔ 65535 ወይም -1 ሆኖ ይነበባል፣ ያንን ማንም ፍተሻ ይይዘዋል። ሄተሩ ላይ ደግሞ ከኮዱ ውጭ ራሱን ችሎ የሚቆርጥ የሙቀት መቁረጫ በተከታታይ ግጠሙ። ዋጋው ከአንድ ትሪ እንቁላል አይበልጥም።

«ቀኑን ረሳው»

የሀጂ ችግር ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። ምልክቱ፦ መብራት በደንብ ሲጠፋ ምንም አይሆንም። ብልጭ ድርግም ያለ ቀን ግን ቀኑ ወደ 1 ይመለሳል፣ ወይም ማገላበጫው በየ2 ሰዓቱ የነበረው በየ200 ሰዓቱ ይሆናል። ከአሥር አንዴ ብቻ ነው የሚከሰተው። ሱቅ ውስጥ መሰኪያውን ነቅላችሁ ብትሰኩት ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ደንበኛው ፊት ደግሞ ያሳፍራችኋል።

ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ፣ መልካቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል።

አንደኛው ቺፑ ራሱ መቀባጠሩ ነው። ኤቲሜጋ328ፒ በ16 ሜጋ ኸርዝ ሲሮጥ ወደ 4 ቮልት የሚጠጋ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ትክክለኛ መመሪያ ስለመፈጸሙ ዋስትና የለም። መብራት ሲሄድ ግን 5 ቮልቱ ባንዴ ዜሮ አይገባም፣ እንደ ሻማ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። በዚያ መሃል ቺፑ እየቃዠ ኮድ ያስኬዳል፣ ሲቃዥ ደግሞ ኢኢፕሮም የሚጽፈው ፈንክሽን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ይሄን የሚከላከል ብራውን አውት የሚባል ጠባቂ ቺፑ ውስጥ አለ፣ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ሪሴት ላይ ይይዘዋል። አርዱይኖ ኡኖ (ይሄው ቺፕ ያለበት ዝግጁ ቦርድ) ላይ ግን 2.7 ቮልት ላይ ነው የተሞላው። ከ4 እስከ 2.7 ያለው መንገድ ጠባቂ የለውም። ባዶውን ቺፕ ገዝታችሁ ራሳችሁ ቦርድ ላይ ከበየዳችሁት ደግሞ ይባስ፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠባቂው ጭራሽ ጠፍቶ ነው።

መፍትሄው፦ ፊውዙን 4.3 ቮልት ላይ አድርጉት። ፕሮግራመር ከሌላችሁ ሌላ አርዱይኖ እንደ ፕሮግራመር ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ገመድ 5 ቮልቱን ሪሌው በተነሳ ቁጥር ወደ 4.3 ስለሚያወርዱት ማሽኑ ሪሴት እያደረገ ያስቸግራል። ያኔ ፊውዙን አትውቀሱ። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ግማሽ ጽሑፍ ነው። አንድ ባይት ለመጻፍ 3.4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 24 ባይት ያለው ስትራክት ከ80 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። አሥረኛው ባይት ላይ መብራት ከሄደ ዘጠኙ አዲስ ናቸው፣ የቀሩት የድሮ። ብራውን አውት ይሄን አያድንም። የጀመረውን ባይት ሊያስጨርሰው ይችል ይሆናል፣ የተረፈውን ግን ማን ይጽፍለታል?

እዚህ ላይ ዋናው መድኃኒት ሁለት ክፍል መያዝ ነው። ክፍል ሀ እና ክፍል ለ በሉት። እያንዳንዱ ውስጥ መጀመሪያ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ የቨርዥን ቁጥርና ርዝመት፣ ከዚያ ዳታው፣ መጨረሻ ላይ የሁሉም ሲአርሲ (ከዳታው የሚሰላ፣ ዳታው ከተለወጠ የማይገጥም የማረጋገጫ ቁጥር)። ስትጽፉ ሁልጊዜ የቆየውን ክፍል ነው የምትጽፉበት፣ ተራ ቁጥሩን በአንድ ጨምራችሁ። ደህናውን በፍጹም አትነኩትም። ሲአርሲው የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የተጀመረው ክፍል ሲአርሲው አይገጥምም፣ ማሽኑ ሲነሳ ሌላውን ይወስዳል። ቢበዛ የጠፋው የመጨረሻው ለውጥ ብቻ ነው።

ይሄን ስትጽፉ እኔ የተሳሳትኩባቸውን ሁለት ቦታ ልንገራችሁ። አንዱ፣ ሲአርሲውን ከ0 ጀምሬ አሰላ ነበር። ከዜሮ የሚጀምር ሲአርሲ በዜሮ የተሞላ ዳታ ላይ ዜሮ ይሰጣል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ዜሮ የሆነ ክፍል «ትክክለኛ ነኝ» ብሎ ያልፋል፣ የሚፈለገው ሙቀት 0 ዲግሪ። አሁን ሁሉም ቢት 1 ከሆነ ቁጥር ነው የምጀምረው። ሁለተኛው፣ ተራ ቁጥሩ አንድ ባይት ስለነበር ከ255 በኋላ 0 ሲሆን ማሽኑ 255ቱን «አዲሱ» ብሎ ያዘና ከዚያ ወዲያ ምንም አልቀበልም አለ። ከ255 ሴቭ በኋላ ብቻ የሚወጣ ባግ ሱቅ ውስጥ እንዴት ይገኛል? ወይ ሁለቱን ቀንሳችሁ ልዩነቱን በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አንብቡት፣ ወይ አራት ባይት ስጡትና ተገላገሉ።

ሁለቱም ክፍል ከተበላሹስ? ዲፎልት ይጫናል፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ሙቀቱ 37.5 ይሁን፣ ቀኑን ግን ማሽኑ ራሱ 1 ብሎ እንዳይፈርድ። የማስጠንቀቂያ ድምፁ ይጩህ፣ ስክሪኑ ላይ «ቀን ያስገቡ» ይበል። ሀጂ ቀኑን ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፋሉ። እሱ እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም።

ቦርድ ላይ ቦታ ካላችሁ ትልቅ ካፓሲተርም ጨምሩ። የኔ ቦርድ በ12 ቮልት ገብቶ በ7805 ነው 5 ቮልት የሚያገኘው። 7805 ለመሥራት መግቢያው ላይ 7 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። መግቢያው ላይ ዳዮድ፣ ከዳዮዱ ኋላ 2200 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አድርጌያለሁ። ከ10 እስከ 7 ቮልት ያለውን 3 ቮልት ብቻ ብንቆጥርና ቦርዱ 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ 130 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እናገኛለን፣ 24 ባይት ይጻፋል፣ ትርፍም አለው። ከዳዮዱ በፊት በ10 ኪሎ ኦምና በ4.7 ኪሎ ኦም ከፍላችሁ አናሎግ ፒን ላይ አስገቡት። መግቢያው ከ10 ቮልት ሲወርድ ኮዱ መጀመሪያ ሪሌዎቹንና የስክሪኑን መብራት ያጥፋ፣ ከዚያ ይጻፍ። ይሄ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ አንድ ሪሌ ብቻውን ካፓሲተሩን ይጠጣዋል።

«ሁለት ወር በደንብ ሠርቶ ከዚያ መያዝ አቃተው»

ምልክቱ፦ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ወዲያው ስታነቡት ትክክል ነው። ሳምንት ቆይታችሁ ስታዩት ተቀይሯል። ያረጀ ሴል እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲቆይ ያፈሳል። ስለዚህ «ጽፌ አነበብኩት፣ ደህና ነው» ማለት አይበቃም።

ምክንያቱን በጣታችሁ ቁጠሩት። የኤቲሜጋው ኢኢፕሮም ዋስትና 100 ሺህ ጊዜ መጻፍ ነው። ኮዱ ያለፈውን ደቂቃ በየደቂቃው አንድ ቦታ ላይ የሚጽፍ ከሆነ 100 ሺህ ደቂቃ 69 ቀን ነው። በየ10 ሰከንዱ ከሆነ 11 ቀን ተኩል። እርግጥ ብዙ ሴል ከዋስትናው አልፎ ይኖራል፣ ግን የሰው እንቁላል ይዛችሁ በዕድል ዲዛይን አይደረግም። «ካልተቀየረ አትጻፍ» የሚለውን የላይብረሪ ትእዛዝ መጠቀምም እዚህ አይረዳም፣ ደቂቃ ሁልጊዜ ይቀየራላ።

የሚያናድደው ደግሞ ይሄ፦ የወረስኩት ኮድ ሁሉንም ነገር አንድ ስትራክት ውስጥ ነው ያጨቀው። እንዲህ ባለው ላይ አንድ ሲአርሲ ብቻ ካደረጋችሁ፣ የደቂቃዋ ሴል ስትሞት ሲአርሲው ይበላሻል፣ በሷ ሰበብ ፋብሪካ ላይ አንዴ የተለካው የሴንሰር ማስተካከያም አብሮ ይጣላል። ለያዩዋቸው። የሴንሰር ማስተካከያ በዕድሜው አንዴ ነው የሚጻፈው፣ ለብቻው ይቀመጥ። ተጠቃሚው የሚነካው ሙቀትና ማገላበጫ ለብቻው። ሁልጊዜ የሚቀያየረው ቀንና ሰዓት ለብቻው። አንዱ ሲሞት ሌላውን ይዞ አይሂድ።

ከዚያ መጻፍ ቀንሱ። የተሻለው መንገድ ያለፈውን ጊዜ ጭራሽ አለመጻፍ ነው። የሰዓት ሞጁል ጨምሩና የተጀመረበትን ቀን ብቻ አንዴ ጻፉ፣ ስንተኛ ቀን እንደሆነ በመቀነስ ይገኛል። በ21 ቀን አንድ ጽሑፍ። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊው ዲኤስ3231 ሞጁል ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ ሰርኪት አለው፣ ተራውን የማይሞላ ሲአር2032 ካስገባችሁበት እሱንም ቻርጅ ሊያደርግ ይሞክራል። ዳዮዱን ወይም ሬዚስተሩን ንቀሉት። ሰዓቱን ደግሞ ውስጥ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ያዙ፣ ወደ እኛ ሰዓት መቀየሩ ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ይሁን። እኔ አንዴ ስድስቱን ሰዓት ሁለት ቦታ ቀንሼ ማሽኑ ሌሊቱን ቀን አድርጎት ነበር።

የሰዓት ሞጁል ከሌለ በየደቂቃው የነበረውን በየሰዓቱ አድርጉት። በዓመት 8760 ጊዜ ነው፣ አንዲት ሴል እንኳን ከ11 ዓመት በላይ ትኖራለች። አንዳንዱ ጽሑፉን በብዙ ቦታ እያዞረ የሚያካፍል ውስብስብ ነገር ይጽፋል። በየሰዓቱ ለሚጻፍ ነገር አያስፈልግም፣ ውስብስብ ኮድ የራሱ ባግ አለው። የተጠቃሚው ቁልፍ ላይ ግን አንድ ነገር አድርጉ፣ የመጨመሪያው ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሳይሆን እጁን ካነሳ ከ5 ሰከንድ በኋላ ሴቭ ይደረግ። ከ37.0 ወደ 37.8 ለመድረስ ስምንት ጽሑፍ ምን አመጣው?

«አዲሱን ኮድ ከጫንክልኝ ወዲህ አበደ»

ይሄ የኔው ጥፋት ነው። የእርጥበት መጠን የሚያዝ መስክ ስትራክቱ መሃል ጨመርኩ፣ ቆንጆ ቦታው እዚያ ስለመሰለኝ። ሜዳ ላይ ያሉት ማሽኖች ውስጥ የነበረው ዳታ ግን በድሮው አሰላለፍ ነው። አዲሱ ኮድ የማገላበጫውን ሰዓት እንደ እርጥበት፣ የሴንሰሩን ማስተካከያ እንደ ማገላበጫ አነበበው። ሲአርሲ አልነበረም፣ ቢኖር ኖሮ እንኳን አንድ ቀን ያድነኝ ነበር።

መፍትሄው ሦስት ልማድ ነው። አዲስ መስክ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጨመር፣ የሞተ መስክም ቦታውን እንደያዘ ይቅር። በተቀየረ ቁጥር የቨርዥን ቁጥሩ ይጨመር። ኮዱ ሲነሳ ቨርዥን 1 ካገኘ እንደ 1 አንብቦ፣ አዲሶቹን መስኮች በዲፎልት ሞልቶ፣ እንደ 2 አድርጎ ወደ ሌላኛው ክፍል ይጻፈው። የድሮውን ክፍል ቶሎ አትደምስሱት፣ ኮዱን ወደ ኋላ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከአርዱይኖ ወደ ብሉ ፒል (ኤስቲኤም32 ቺፕ ያለው ቦርድ) ስትሸጋገሩ ደግሞ ስትራክቱ ራሱ ይፋፋል። አንድ ባይትና ከሱ ቀጥሎ ነጥብ ያለው ቁጥር ኤቲሜጋ ላይ 5 ባይት ነው፣ ኤስቲኤም32 ላይ 8 ባይት ይሆናል፣ ኮምፓይለሩ መሃል ላይ ሦስት ባዶ ባይት ይጨምራል። እነዚያ ባዶዎች ውስጥ የተገኘው ቆሻሻ ሁሉ ይገባል፣ ሲአርሲውም አብሮ ይቆጥረዋል፣ ከዚያ ዳታው ሳይቀየር ሲአርሲው ይቀያየራል። «ኢንት» ራሱ አንዱ ጋ 2 ባይት ሌላው ጋ 4 ነው። ርዝመታቸው በስማቸው የታወቀ ዓይነቶችን ብቻ ተጠቀሙ፣ ስትራክቱን ከመሙላታችሁ በፊት በዜሮ ጥረጉት።

ብሉ ፒል ላይ፦ ሴቭ ሲያደርግ አምፖሉ ይርገበገባል

ኤስቲኤም32ኤፍ103 ኢኢፕሮም የለውም። ኢኢፕሮም የሚመስለው ላይብረሪ ፍላሹ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ፍላሽ ደግሞ 1 ኪሎ ባይት ገጽ ሙሉውን ሳይጠርግ የተጻፈበትን መልሶ አይጽፍም። መጥረጉ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ኮዱ ከዚያው ፍላሽ ስለሚነበብ ፕሮሰሰሩ ቆሞ ይጠብቃል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ግማሽ ዑደቱ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ትራያክ (ሄተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) በኮድ የምትቆጣጠሩ ከሆነ ከሁለት እስከ አራት ግማሽ ዑደት ያመልጣችኋል። መጥረጊያውን ሄተሩ ጠፍቶ ባለበት ሰዓት አድርጉት።

ዋስትናውም 10 ሺህ ብቻ ነው። በየ10 ሰከንዱ እየጠረጋችሁ ከጻፋችሁ ከ28 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሁለት ገጽ ይዛችሁ፣ አንዱ እስኪሞላ በተከታታይ እየጻፋችሁ፣ ሲሞላ የመጨረሻውን ወደ ሌላው ገልብጣችሁ፣ ያኔ ብቻ ጥረጉ። ኮዱ አድጎ እነዚያን ገጾች እንዳይረግጥም ሊንከሩ (ኮዱ ፍላሹ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው) ላይ የፍላሹን መጠን በሁለት ገጽ ቀንሱት።

ኢኤስፒ32 ላይ፦ ያለ ምንም ኤረር ዲፎልቱን ይመልሳል

መጀመሪያ የቁልፉን ስም (የሚጫነውን ቁልፍ አይደለም፣ ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ስም) ቁጠሩት። ከ15 ፊደል ከበለጠ አይቀመጥም፣ መልስ ካላያችሁም አታውቁም። ሴቭ የሚያደርገው ፈንክሽን 0 ከመለሰ አልተጻፈም ማለት ነው፣ መልሱን እዩት። ከዚያ ስትነሱ የሚሠራውን የማስጀመሪያ ኮድ ተመልከቱ። ሁሉም ሰው ከምሳሌው የሚገለብጠው ኮድ «ቦታ የለም ወይም አዲስ ቨርዥን ነው» የሚል ስህተት ሲያገኝ ማስቀመጫውን በሙሉ ይጠርጋል። ለምሳሌ ደህና ነው፣ ለደንበኛ ማሽን ግን የሴንሰሩን ማስተካከያ ሳይጠይቅ መጣል ነው። ማስተካከያውን ለብቻው በሌላ ፓርቲሽን (የፍላሹ ክፍልፋይ) አስቀምጡት። የፓርቲሽን ሰንጠረዡን ከቀየራችሁ ደግሞ ማስቀመጫው ቦታው ሊዛወር ይችላል፣ የድሮው ዳታ እዚያው ተቀምጦ ማንም አያየውም።

የውጭ ኢኢፕሮም፦ መጀመሪያው ላይ መጨረሻው ተጽፎበታል

የሰዓት ሞጁሉ ላይ ያለው 24ሲ32 በ32 ባይት ገጽ ነው የሚጽፈው። 20ኛው ባይት ላይ ጀምራችሁ 24 ባይት ከላካችሁ ገጹ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፣ ወደ ራሱ ገጽ መጀመሪያ ይመለሳል። ከገጽ መጀመሪያ ጀምሩ ወይም ቆራርጣችሁ ላኩ፣ ከእያንዳንዱም በኋላ ቺፑ «ዝግጁ ነኝ» እስኪል ጠብቁ።

ሲአርሲው ልክ፣ ቁጥሩ ስህተት

አንዲት ደንበኛ 37.5ን 73.5 ብላ አስገባች። ሲአርሲው በታማኝነት አተመው፣ ሁለቱም ክፍል በትክክል ያዙት። ሲአርሲ የሚያውቀው የተጻፈው እንዳልተለወጠ ብቻ ነው። የልክ ፍተሻው ቁጥሩ ሲገባም ሲነበብም ይሁን፣ ሁለቱም ቦታ።

መሰኪያ መንቀል ፈተና አይደለም

እኔ የምፈትነው በሁለተኛ አርዱይኖ ነው። አንድ ሪሌ የሚፈተነውን ቦርድ 12 ቮልት በዘፈቀደ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይቆርጣል። አንዳንዴ ረዥም፣ አንዳንዴ 30 ሚሊ ሰከንድ ብቻ፣ ልክ እንደ ጅማ ክረምት። የሚፈተነው ቦርድ ሆን ብሎ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ያደርጋል፣ በተነሳ ቁጥር ያነበበውን በሴሪያል ይልካል፣ ፈታኙ አርዱይኖ ቆጥሮ ያወዳድራል። በ8 ሰዓት 2900 ገደማ መቁረጥ ነው። ሴቩ በየሰከንዱ ቢሆን እንኳን ወደ 29 ሺህ ጽሑፍ ነው፣ ለሁለት ክፍል ሲካፈል የቺፑን ዕድሜ ብዙ አይነካም፣ ግን የፈተናውን ቦርድ ለደንበኛ አልሸጥም።

የመጀመሪያው ሌሊት 14 ስህተት ቆጠረ። ፊውዙን 4.3 ካደረግሁ በኋላ 5። ሁለት ክፍል ካስገባሁ በኋላ 1፣ ያቺ አንዷ ያ የተራ ቁጥር ጣጣ ነበረች። እሷን ካስተካከልኩ በኋላ ሦስት ሌሊት በተከታታይ 0 አየሁና ቦርዱን ለሀጂ ወሰድኩላቸው። ከሰሉን ግን እስካሁን ከማሽኑ አጠገብ አላነሱትም።